ጠርሙሱን ሳናነብ



ከረመዳን ወዲህ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ይደርሰናል። አንዳንዶቻችሁ «ያንን የጃፓን ሩዝ እንዴት እንደሠራችሁት ንገሩን» ትሉናላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ «ለጾመኛ አልኮል ያበሉት እነዚህ ናቸው?» ትባባላላችሁ። ለሁለቱም መልስ አለን። መልሱ ግን አንድ ታሪክ ስለሆነ ከመጀመሪያው ብንነግራችሁ ይሻላል።

እኛ አራት ነን። የምንማረው ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ነን ካፌ ሆነን ከግቢ ውጭ አንድ ክፍል ተከራይተናል። ከአራታችን አንዱ የደሴ ልጅ ስለሆነ ቅዳሜና እሑድ ሐረጎን ወጥተን እነሱ ቤት እንሄዳለን። እናቱን ሁላችንም «እማማ» ነው የምንላቸው። የወጥ ቤት ዕቃችን አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል የከሰል ማንደጃ፣ ሁለት ድስትና አንድ መጥበሻ ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሽሮ ነበር፤ ቀን ሽሮ፣ ማታ ሽሮ። እንጀራ በየቀኑ መግዛቱ ኪሳችንን ሲያራቁተው ፓስታ ገባ። ፓስታው ሲሰለቸን ሩዝ ገባ። የጣሊያንና የጃፓን ምግብ ሠሪ የሆንነው እንዲህ ነው፤ በቅንጦት ሳይሆን በችግር።

ፓስታን መጀመሪያ የምንሠራው ሁላችሁም እንደምትሠሩት ነበር። ሽንኩርት ይቁላላል፣ በርበሬ ይጨመራል፣ ፓስታው እስኪፈርስ ይቀቀላል፣ ከዚያ ስጎው ከላይ ይፈስበታል። በኋላ ጣሊያኖቹ ራሳቸው ቤታቸው ውስጥ የሚበሉት ቀላሉ ፓስታ ከዚህ በጣም ያነሰ ነገር እንደሚፈልግ ተማርን፦ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ደረቅ ቃሪያና ጨው ብቻ። የውሃው ልክ ለማስታወስ ቀላል ነው፤ ለ100 ግራም ፓስታ 1 ሊትር ውሃና 10 ግራም ጨው። ነጭ ሽንኩርቱን በስሱ ከትፋችሁ በቀዝቃዛ ዘይት ላይ ታደርጉና በዝግታ ታሞቁታላችሁ። ወርቅማ ከመሆኑ በፊት ማውጣት ነው፤ ካረረ ይመርራል። ቃሪያ ከሌለ ሚጥሚጣ በጣት ጫፍ ይበቃል። ፓስታው ሊደርስ ሲል ከቀቀላችሁበት ውሃ አንድ ስኒ አስቀሩ። ያ የደፈረሰ ውሃ ከፓስታው የወጣ ስታርች አለበት፤ ዘይቱንና ውሃውን አጣብቆ ወፍራም መረቅ የሚያደርገው እሱ ነው። እኛ ግን ለወራት በመታጠቢያው ቀዳዳ ስንደፋው ኖረናል። ቲማቲም በረከሰ ጊዜ ሁለት ሦስት ፍሬ ልጣችሁ ብትጨምሩበት፣ መጨረሻ ላይም በሶብላ ብትነሰንሱበት፣ ጣሊያኖቹ በባዚሊኮ የሚሠሩት የቲማቲም ፓስታ ይወጣችኋል። በሶብላ የባዚሊኮ የቅርብ ዘመድ ነው።

ያስቸገረን የማብሰያው ሰዓት ነበር። ፓኬቱ ላይ «9 ደቂቃ» ይላል። ኮምቦልቻ ላይ 9 ደቂቃ ቀቅለነው መሐሉ ጥሬ ሆነብን። ደሴ ላይ ደግሞ የባሰ ነበር። እሳት ጨመርን፤ ለውጥ የለም። ነገሩ የገባን ቴርሞዳይናሚክስ ክፍል ውስጥ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ባሕር ጠረፍ ላይ ነው። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው ኮምቦልቻ ላይ በ94፣ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እሳት ብትጨምሩ ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ፓኬቱን የጻፈው ሰው ሐረጎን አያውቀውም። አሁን ኮምቦልቻ 12፣ ደሴ 14 ደቂቃ እንሰጠዋለን። ይህንን ግኝታችንን ለእማማ በኩራት ስንነግራቸው ሳቁብን። «አይ ልጆቼ፣ እኔ ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ባቄላ ቀድማኝ እንደምታበስል ካወቅሁ ስንት ዘመኔ!»

እማማ ፓስታ ሲቀርብላቸው ትንሽ ነው የሚያነሱት። አባታቸው «የጣሊያን ትል» እያሉ ሳይቀምሱት እንደሞቱ ነግረውናል። ደሴ ላይ ይህ ቀልድ ብቻ አይደለም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደብድበዋል፤ ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ሠራዊታቸው ደሴ ገባ። እስከ ሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ድረስም ቆየ። ወደ አሰብ የሚወስደውን መንገድ የሠሩት እነሱ ናቸው። ፒያሳ፣ ስጎ፣ ሳልሳ፣ ፉርኖ የሚሉት ቃላትም ከቋንቋቸው የመጡ ናቸው። ግን ልብ ካላችሁ ፓስታውን የምናነሳበት ሹካ ስሙ ከዐረብኛ ነው፤ ሩዝም፣ ስኳርም እንዲሁ። መድረሳ የተማርን ልጆች ይህን ስናውቅ ደስ አለን። የወሎ ማዕድ ብዙ መንገደኛ ያረፈበት ነው። የገባውን ሁሉ ግን ዝም ብሎ አልተቀበለም፤ መርምሮ፣ አጥቦ፣ የራሱ አድርጎ ነው።

መመርመሩ ላይ እኛም ጎበዝ ነን ብለን እናስብ ነበር። ለምሳሌ ጣሊያኖቹ ፓስታ ላይ የሚፈገፍጉት ፓርሚጃኖ የሚባለው ጠንካራ ቺዝ ወተቱ የሚረጋው ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ማርጊያ ነው። ጥጃው እንዴት ታረደ የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ ዑለማዎችም በዚህ ላይ የተለያየ ሐሳብ አላቸው። እኛ ጥያቄውን ያለፍነው በአይብ ነው። አይብ የእንስሳ ማርጊያ አይፈልግም፤ አሬራው ሲሞቅ በራሱ ኮምጣጣነት ይቋጥራል። ጣሊያኖቹም ሪኮታ የሚሉት በሙቀት የሚቋጥር እንዲሁ ለስላሳ ነገር አላቸው። ትኩስ ፓስታ ላይ አይብና ቁንዶ በርበሬ ሞክሩ፤ ወላሂ አትቆጩም።

ወደ ጃፓኑ እንለፍ። ከጃፓን ጋር አገራችን የቆየ ትውውቅ አላት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ሄደው ጎብኝተዋት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ ጽፈዋል። በዘመናችን ደግሞ የጃፓን ባለሙያዎች በፎገራ የሩዝ ምርምር ላይ ያግዛሉ። እኛም የምንገዛው ከጣና አጠገብ የበቀለውን የፎገራ ሩዝ ነው። ከውጭ ከሚገባው ረጅሙ ሩዝ ዋጋው ይቀላል። ስንቀቅለው እርስ በርሱ ይያያዝብናል። ለፒላው ጥሩ አይደለም፤ ለጃፓን አሠራር ግን የሚፈለገው ይኸው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሩዙን ውሃው እስኪጠራ ደጋግማችሁ እጠቡ። ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት፤ ደሴ ከሆናችሁ አንድ ሰዓት። ለአንድ ኩባያ ሩዝ አንድ ኩባያ ተኩል ውሃ አድርጉ። ከድናችሁ እስኪፈላ ጠብቁና እሳቱን ዝቅ አድርጉ፤ ከዚያ በኋላ ክዳኑን አትንኩ። ጃፓኖች በድሮው ድስታቸው ላይ ከባድ የእንጨት ክዳን ይጭኑበት ነበር፤ እኛ ንጹሕ ድንጋይ እንጭንበታለን። ውሃውን ሲጨርስ ከእሳት አውርዳችሁ 10 ደቂቃ በእንፋሎቱ ይቆይ። ሞቅ እንዳለ እጃችሁን በጨው ውሃ አርጥባችሁ እፍኝ እፍኝ እያደረጋችሁ በሦስት ማዕዘን ጭበጡት። ኦኒጊሪ ይሉታል። መሐሉ ላይ ጃፓኖች ዓሣ ወይም የኮመጠጠ ፍሬ ይከታሉ፤ እኛ በአዋዜ የታሸ ቋንጣ እንከታለን። ባዶውንም በጨው ብቻ ይበሉታል።

እማማ የመጀመሪያውን ኦኒጊሪ በእጃቸው ይዘው አገላበጡትና «ይሄማ ጭብጦ ነው!» አሉ። እውነታቸውን ነው። የጃፓን መንገደኛና ተማሪ ኦኒጊሪ ይቋጥራል፤ የእኛ አገር ደረሳም በሶውን ጨብጦ ወደ ዳና፣ ወደ ጀማ ንጉሥ ይጓዝ ነበር። ስንቁ ሲያልቅ የሚያበላው የመንደሩ ሰው ነው። ደረሳው ከየቤቱ የሚሰጠውን ሲበላ «ምን ጨመራችሁበት?» ብሎ አይጠይቅም። የሚያበላው ሰው አላህን እንደሚፈራ ያውቃል፤ በዚያ ተማምኖ ይበላል።

አሁን ወደ ኢፍጣሩ እንምጣ።

በረመዳን ሦስተኛው ቅዳሜ እማማ ዘመድ ጥየቃ ሄደው ነበርና ቤቱ ለእኛ ቀረ። ከጀማዓው 11 ወንድሞችን ጠራን። ያሰብነው ኦያኮዶን የሚባል ምግብ ነው። «ኦያኮ» ማለት ወላጅና ልጅ ማለት ነው፤ ዶሮውና እንቁላሉ አብረው ስለሚበስሉ። ዶሮና ሽንኩርት በመረቅ ይበስላል፣ የተመታ እንቁላል ይፈስበታል፣ ሩዝ ላይ ይደረጋል። ሁለት ዶሮ አዋጥተን ገዛን። ወደ ቂብላ አዙረን፣ ቢስሚላህ ብለን፣ ቢላዋውን ስለን፣ አንዷ ሌላዋን እንዳታይ ለያይተን አረድን። በዚህ ላይ ምንም አላጎደልንም።

መረቁ ውስጥ የሚገባ አንድ ጠርሙስ ነበረን። ከመካከላችን አንዱ አዲስ አበባ ለኢንተርንሺፕ ሄዶ ሳለ ነው የገዛው። ፊቱ ላይ በጃፓንኛ ተጽፏል፤ ከሥሩ በእንግሊዝኛ «ጣፋጭ የምግብ ማጣፈጫ» ይላል። ሚሪን ይባላል። ቪዲዮው ላይ የሚያበስለው ሰው ሲጨምረው አይተናል፤ አንድ ስኒ ሙሉ ጨመርን። ጾመኞች ስለሆንን አልቀመስንም። አዛን አለ፤ በተምርና በውሃ አፈጠርን፤ መግሪብን ሰገድን፤ ማዕዱ ቀረበ። ድስቱ ባዶ ሆኖ ተመለሰ። ሰው ሁሉ መረቀን።

እንግዶቹ ለተራዊሕ ሲወጡ ዕቃ የሚያጥበው ወንድማችን ጠርሙሱን ለመጣል አነሳውና ዝም አለ። ከጀርባው በትንሽ ፊደል «አልኮል 14 በመቶ» ይላል። ቢራ ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ አካባቢ እንደሆነ ስታስቡት ምን እንደተሰማን ታውቃላችሁ። ሚሪን ከሩዝና ከሩዝ አረቄ የሚሠራ ነገር መሆኑን ያን ሌሊት ነው ያወቅነው።

ከዚያ ክርክር ተነሳ። አንዳችን «አልኮል በ78 ዲግሪ ይፈላል፤ መረቁ ከ90 በላይ ነበር፤ ስለዚህ ተንኗል፤ ምንም የለም» አለ። ደስ የሚል መልስ ነበር። ሁላችንም ልንይዘው ፈለግን። ግን የተማርነው ይመሰክርብናል፤ አልኮልና ውሃ ሲቀላቀሉ አንዱ ጨርሶ ሌላው አይቀጥልም፤ አብረው እየተነኑ አብረው ይቀራሉ። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ሠንጠረዥ እንደሚያሳየው ምግብ ውስጥ የገባ አልኮል ለ15 ደቂቃ በስሎ እንኳ 40 በመቶው ያህል ይቀራል፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላም 5 በመቶ አይጠፋም። የእኛ መረቅ እሳት ላይ የቆየው 10 ደቂቃ ነው።

ሁለተኛው ክርክር «እንንገራቸው ወይስ ዝም እንበል?» የሚለው ነበር። «ባለማወቅ በሉ፤ ወንጀል የለባቸውም፤ ለምን እናስጨንቃቸዋለን?» ያልን ነበርን። ሐቁን እንናገር፤ ከእነሱ ጭንቀት ይልቅ የራሳችን ኀፍረት ነበር የከበደን። ያሸነፈን አንድ ወንድም ነው። ከእንግዶቹ መካከል ግቢ ከመግባቱ በፊት ይጠጣ የነበረ፣ ከተወው ሁለት ዓመት ያለፈው ወንድም አለ። ይህን የምንጽፈው ስሙ እንዳይነሳ ብሎ ፈቅዶልን ነው። የድሮ ጓደኞቹ ጋር ላለመሄድ ሲል ነበር እኛ ጋር የሚበላው። እሱን ሳንነግረው ነገ ዓይኑን እንዴት እናየዋለን?

ሱሑር ሳይደርስ ለ10ሩ ደወልን። አንዳንዱ «አብሽሩ፣ አላህ ያውቃል» አለ። አንዱ ተቆጣ፤ መብቱ ነው። እሱ ጋር ግን በአካል ሄድን። በሩ ላይ ቆመን ነገርነው። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ሌላ ቦታ ስበላ ሁሉን አያለሁ፣ እጠይቃለሁ። እናንተ ቤት ብቻ ነበር ሳላይ የምበላው» አለንና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ከቁጣው ያ ዝግታ ነው ያመመን።

በማግስቱ ከሱብሕ በኋላ ወደ ኡስታዛችን ሄድን። «ከመብላታችሁ በፊት ታውቁ ነበር?» አሉን። «አላወቅንም ኡስታዝ» አልን። «እንግዲያው በእንግዶቻችሁ ላይ ምንም የለም። ጾማችሁም ደህና ነው። እናንተ ኢስቲግፋር አድርጉ፤ የተረፈውን ድፉት» ብለው የሱረቱል በቀራን የመጨረሻ አንቀጽ አስታወሱን። ትንሽ ቀለል አለን። ልንነሳ ስንል ጠሩን።

«ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል አላችሁ?»

«አዎ ኡስታዝ።»

«ማንበብ ትችሉ የለ?»

መልስ አልነበረንም። ኪታብ ፊደል በፊደል ያቀራን መድረሳ፣ የማሽን መመሪያ እስከ ግርጌ ማስታወሻው የሚያስነብበን ዲፓርትመንት፣ ሁለቱም አሉን። የፓስታ ፓኬት አንብበን ከፓኬቱ ጋር ተከራክረናል። ዶሮዋን እንዴት እንደምናርድ ስለምናውቅ ያንን በጥንቃቄ አደረግን። የማናውቀው ላይ ነበር ይበልጥ መጠንቀቅ የነበረብን፤ እሱን ግን ቪዲዮ አይተን አፈሰስነው። ጥፋቱ የሸጠውም፣ የቪዲዮው ሰውም አይደለም። የእኛ ነው። ሰው ቢስሚላህ ብሎ ከማዕዳችን ሲያነሳ አማና ሰጥቶናል፤ ዓይኑን ለእኛ አውሶናል። እኛ ደግሞ ያንን ዓይን ጨፍነንበት ነበር።

ያ ወንድማችን ለዘጠኝ ቀን አልመጣም። በአሥረኛው ቀን አስር ሰግደን ወደ ኮምቦልቻው ክፍላችን ስንመለስ በሩ ላይ ቆሞ አገኘነው። ገባ፤ ሰላምታም ሳያስረዝም መደርደሪያችን ላይ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሳ ማንበብ ጀመረ። ጨው፣ ዘይት፣ ሳልሳ፣ የሾርባ ኩብ፣ ኬክ ማሳመሪያ። ሁለቱን ወደ ጎን አደረጋቸው፤ አንዱ ጄላቲን ነበረበት፣ ከምን እንስሳ እንደሆነ አይልም። ከዚያ እጁን ታጥቦ «ምን ልክተፍ?» አለ። አልሐምዱሊላህ፤ ዛሬ አምስት ነን ማለት ይቻላል።

ኦያኮዶኑን የጠየቃችሁን፣ ይኸው። ሚሪን አያስፈልገውም፤ የሚሰጠው ጣፋጭነት ነውና አንድ ማንኪያ ስኳር በአንድ ስኒ የዶሮ መረቅ ቀልጦ ሥራውን ይሠራል። ሽንኩርቱ ውስጡ እስኪለሰልስ አብስሉት፤ የቀረውን ጣዕም እሱ ያመጣዋል። ሶያ ሶስ ከጨመራችሁ ጀርባውን አንብቡ፤ አንዳንዱ እንዳይበላሽ ተብሎ አልኮል ይጨመርበታል፤ ሲብላላም ጥቂት በራሱ ይፈጠርበታል። በዚህ ላይ እኛ ፈትዋ አንሰጥም፤ ኡስታዛችሁን ጠይቁ። እኛ ለጊዜው በጨው ብቻ ነው የምንሠራው። ዶሮው ሲበስል እንቁላሉን መትታችሁ አፍስሱ፣ ክደኑት፣ ከደቂቃ ተኩል በኋላ አውርዱ። የጣሊያን አሠራር የምትከተሉም ብትሆኑ ልብ በሉ፤ የብዙ ስጎ አሠራር ወይን ጠጅ ይጨምራል፣ «ፓንቼታ» የሚለውም የአሳማ ሥጋ ነው። ያለ ወይኑም ያለ ሥጋውም ቲማቲሙ ጣፋጭ ነው።

መደርደሪያችን ላይ አሁን አንድ ወረቀት ለጥፈናል። ያልተነበበ ዕቃ ድስት ውስጥ አይገባም ይላል። የማናነበው ቋንቋ ከሆነ የሚያነብ እንፈልጋለን፤ ካልተገኘ ይቀራል። ያለ እሱ የሚራብ የለም።

በሚቀጥለው ጁምዓ ኦኒጊሪ እንጨብጣለን፤ ቋንጣውን እማማ ልከውልናል። መምጣት የምትፈልጉ ኑ። መደርደሪያውን ማየት የምትፈልጉም ኑ፤ አንቀየምም። አላህ ያጎደልነውን ይማረን፣ ማዕዳችንን ሐላልና በረካ ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።